የፖሙ ጠጅ ቀማሽ

ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ በቤታችን ውስጥ አንድ ሹመት ነበረኝ፤ የአባቴ ቀማሽ ነበርኩ። ሹመቴን የነጠቀችኝ ሉሊት ናት። ይህን ስጽፍ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ነገሩ እንደዚያ እንዳልነበረም ካወቅሁ ቆየሁ። ግን «የነጠቀችኝ» የሚለውን ቃል ልቀይረው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ያኔ የተሰማኝ እሱ ነው።

የምንኖረው ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ናይሮቢዎች ኤስኪው የሚሏት፣ ለሠራተኛ ማደሪያ ተብላ የተሠራች አንዲት ክፍል ነበረች። እኛ ሠራተኛ ስላልነበረን ክፍሏ የአባቴ የፖም ጠጅ ቤት ሆነች። አባቴ ሥዩም የአንድ እርዳታ ድርጅት ሾፌር ነበር። ከፖም መጠጥ ማውጣትን ያስተማሩት ሊሙሩ ላይ ትንሽ እርሻ የነበራቸው እንግሊዛዊ አለቃው ናቸው። እሱ ግን ትምህርቱን እንዳለ አልተቀበለውም። ፖሙን በሙቀጫ ይወቅጠዋል፣ በእናቴ አሮጌ ነጠላ ይጨምቀዋል፣ ማር ያክልበታል፣ ከሞያሌ የሚመጣ ጌሾ ጣል ያደርግበታል። ሽማግሌው አንድ ቀን ቀምሰው «ይሄ የኔ አይደለም፣ ግን ከኔ ይሻላል» አሉኝ እያለ ያወራል። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። በናይሮቢ ባለን ሐበሾች ዘንድ ግን ሠርግ ወይም ክርስትና ሲደገስ «የሥዩም ፖም አለ ወይ?» ሳይባል አይታለፍም ነበር።

ጭማቂው ጀሪካን ውስጥ ይገባል። ከክዳኑ የወጣ ቀጭን ቱቦ ውኃ በያዘ የሶዳ ጠርሙስ ውስጥ ተነክሮ ብልቅ ብልቅ ይላል። «እየተነፈሰ ነው፤ ትንፋሹ ሲዘገይ ጥሪኝ» ይለኛል አባቴ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ሄጄ ጠርሙሱ ፊት እቀመጥ ነበር። ሲዘገይ እጠራዋለሁ። በብርጭቆ ይቀዳና ያሸተዋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ የሻይ ማንኪያ ጫፍ ነክሮ ወደ አፌ ያመጣል።

«ትንሤ፣ ምን ምን ይላል?»

«ፖም ፖም ይላል።»

«ሌላስ?»

«ማር ማር ይላል።»

«በቃ፣ ደርሷል!»

ሁልጊዜ ያችው ጥያቄ፣ ያችው መልስ። እሱ አስቀድሞ አሽትቶ እንደሚያውቅ አውቃለሁ፤ የእኔ መቅመስ ለጨዋታ ነው። ቢሆንም በዓለም ላይ ከዚያ ማንኪያ የሚበልጥ ነገር አልነበረኝም። እናቴ አያልነሽ ፀጉር ቤት ውላ ስትመጣ «ደግሞ ልጄን ጠጪ አድርገህ አሳድጋት» ትለዋለች፤ እየሳቀች ነው የምትለው።

ስምንት ዓመቴ ላይ አባቴ ንጎንግ መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ አንድ ማታቱ የሚሉት የሕዝብ ሚኒባስ ከኋላ መጥቶ ገጨው። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። ሲወጣ ከጆሮው ጀርባ ረጅም ጠባሳ ነበረው፤ ራሱን ያዞረው ስለነበር ድርጅቱም ከእንግዲህ መኪና አትነዳም ብሎ አሰናበተው። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት መዋል ጀመረልኝ፤ ቀኑን ሙሉ የእኔ ሆነ።

ሆኖም ጠባዩ ተቀየረ። አንድ ቀን ወተት ጥዶ ጋዜጣ ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። ወተቱ ገንፍሎ፣ አርሮ፣ ቤቱን ሽታ ሞላው፤ እሱ ከገጹ ቀና አላለም። ከግቢ ሮጬ ገብቼ ምድጃውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ደግሞ የእናቴን ወጥ ማመስገን አበዛ። ድሮ ዝም ብሎ ይበላ የነበረ ሰው፣ አሁን በየጉርሻው «እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ወጥ ቀምሼ አላውቅም» ይላል። እናቴ ደስ ይላት ነበር። እኔ ግን የሆነ ነገር ደብቆ የሚያባብላት ይመስለኝ ነበር። መደበቁን አላጣሁትም፤ የሚደብቀውን ነው ያጣሁት።

ሉሊት በዚያ ሰሞን ነው የመጣችው። ከቤታችን መኝታ ክፍሎች አንዱን ተከራየች። ሠላሳ ያለፋት፣ ቀጭን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ናት፤ ኪሊማኒ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ሠሪ ነበረች። ሥራዋን የምትጀምረው ከምሳ በኋላ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ቤት ናት። የማታሸተው ነገር አልነበረም። የወተቱን ካርቶን ከፍታ «ይሄ ከነገ አያልፍም» ትላለች፤ አያልፍም። የምሳ ዕቃዬን ከፍታ «ትናንት ማንዳዚ ገዝተሽ በልተሻል፣ የእናትሽን ምሳ ለሰው ሰጥተሻል» ትላለች፤ ሰጥቻለሁ። እንዲህ ያለች ሴት ማን ይወዳል?

አባቴ ወደዳት። ሊሙሩ ፖም የሚደርስበት ወር ሲመጣ ከእኔ በፊት ኤስኪው የምትገባው እሷ ሆነች። አዲስ ጀሪካን ሲገዛ ሳታሸትተው ፖም አይገባበትም፤ ሁለቱን «ይሄ ሳሙና፣ ይሄ ዘይት ነክቶታል» ብላ አስጥላዋለች። እኔ እንደ ልማዴ ጠርሙሱን ጠብቄ፣ ትንፋሹ ሲዘገይ «አባዬ፣ ዘግይቷል» ብዬ ሮጥኩ። አባቴ ተነሣ፣ ብርጭቆውን ቀዳ፣ ከዚያ «ሉሊት!» ብሎ ጠራ።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺ አሁን አድገሻል፤ መጠጥ ለልጅ አይሆንም።»

«ባባ፣ ኖት ፌር! ትንሽ ሆኜ ስቀምስ አልነበር? ሳድግ ነው የሚከለከለው?»

«ሂጂ ተጫወቺ» አለና በሩን ገርበብ አደረገው።

ቅናት እንዴት እንደሚይዝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እራት አስከለከለኝ። የእሷን ፎጣ ከገመድ ላይ አውርጄ መሬት ጣልኩ። ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ከተትኩ። ጠጠሩን አራግፋ ተጫማችና ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ይህም አናደደኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ መስለል ሆነ። የኤስኪው በር ገርበብ ሲል ከማጠፊያው በኩል የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዋል። በነሐሴ የእረፍት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዓይኔን እዚያ ላይ አድርጌ ቆምኩ። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሉሊት ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በዝግታ ተናገረች። ሁሉንም አልሰማሁም። «አይዞዎት ጋሽ ሥዩም» ስትል ሰማሁ። «ማንም አያውቅም» ስትል ሰማሁ። አባቴ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እሷም እጇን እጁ ላይ አደረገች።

ዛሬ ሳስበው፣ ከሰው ባል ጋር የማይገባ ነገር የምትሠራ ሴት «አይዞህ» ትላለች እንጂ «አይዞዎት» አትልም። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ቀናተኛ ግን ሰዋስው አይመረምርም።

እናቴ ከሥራ ስትመጣ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ነክራ መቀመጥ ልማዷ ነው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጨው እየበተንኩላት ነገርኳት።

«አባዬና ሉሊት ኤስኪው ገብተው በሩን ቆልፈው ይንሾካሾካሉ። እጁን ይዛው ነበር። ማንም አያውቅም አለችው።»

ቆልፈው አልኩ። አልቆለፉም፤ ገርበብ ነበር ያደረጉት። «ቆልፈው ከሆነ በምን አየሽ?» ብላ ብትጠይቀኝ ያን ጊዜውኑ እያዝ ነበር። እናቴ አልጠየቀችም። እግሯን ከውኃው አወጣች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን አደረቀች። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ።

በሳምንቱ እሑድ ሁላችንም ምሳ ላይ እንዳለን እናቴ «ሉሊትዬ፣ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው፤ ክፍሉን እንፈልገዋለን» አለች። እንኳን ሊመጣ ፓስፖርት የሌለው ወንድሟ! ሉሊት ወደ አባቴ አየች። አባቴ ወደ ሳህኑ አየ። ጉርሻ ጠቀለለ፣ ጎረሰ። «ዛሬ ደግሞ ወጡ ልዩ ነው» አለ።

«ምንም አይደል እትዬ አያልነሽ» አለች ሉሊት። «ድሮም ፓርክላንድስ ሰፈር ቤት ሳይ ነበር።»

ሻንጣዋን እስከ ታክሲው የተሸከመላት አባቴ ነው። አፍ ነበረው፤ ያን ቀን ለመብላት ብቻ ተጠቀመበት። ሉሊት ልትገባ ስትል ወደ እኔ ተመለሰችና አናቴን አሸተተች። «ዛሬም ቅባት አብዝተሻል» አለችኝና ሄደች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ዮፍታሄ መጣ። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ከስንት ዓመት ስለት በኋላ ሴት ልጅ ተወልዳለት፣ ኪሌሌሽዋ በሚገኘው ቤቱ ክርስትናዋን ሊደግስ ነው። «ያላንተ ፖም ድግሱ ድግስ አይሆንም» አለው አባቴን። ካሉት ጀሪካኖች አንዱ ስንጥቅ ነበረው፤ አባቴ ከመንገድ ዳር ነጋዴ ሌላ ገዛ። በግራዋ ቅጠል ሦስት ጊዜ አሽቶ አጠበው፤ ፀሐይ ላይ ደፋው። ያሸተተው ሰው ግን አልነበረም።

ከድግሱ በፊት በነበረው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመጣ አባቴ ኤስኪው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ትንሤ፣ ነይ እስቲ።»

ገባሁ። ብርጭቆው ተቀድቷል፤ የሻይ ማንኪያውም አለ። የድሮው በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ። ማንኪያውን ነክሮ አመጣልኝ።

«ቀስ ብለሽ ቅመሺ። ምን ምን ይላል?»

ማንኪያው አፌ ሳይደርስ ሽታው አፍንጫዬን መታው። ጋዝ። ጎረቤታችን ምድጃዋ ውስጥ የምትሞላው ጋዝ። ኃይለኛ አይደለም፤ ግን አለ፤ ምላሴ ላይ ሲያርፍ ደግሞ የበለጠ አለ።

ያሰብኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። አባዬ ይሸተዋል ብዬ አሰብኩ፤ የማይሸተው አባት መኖሩን ከየት አውቄ? አሽትቶታል፣ አውቆታል፣ እኔን እየፈተነኝ ነው። ነውር ማውጣት የሉሊት ሥራ ነበር፤ ይሄ ሳሙና፣ ይሄ ዘይት። እኔም ይሄ ጋዝ ካልኩ ከእሷ በምን እለያለሁ? እንዲያውም «ለካ ሉሊት ታስፈልገናለች» ብሎ ፓርክላንድስ ሄዶ ቢያመጣትስ?

«ፖም ፖም ይላል» አልኩ።

«ሌላስ?»

«ማር ማር ይላል።»

አባቴ እንደ ድሮው «ደርሷል!» ብሎ አልጮኸም። ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ ግንባሬን ሳመኝ። «ተመስገን» አለ። የደስታዬን ልክ አልነግራችሁም።

ቅዳሜ የጋሽ ዮፍታሄ ግቢ በድንኳን ተሸፍኖ ነበር። ሕፃኗ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ እናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ቄሱ ባረኩ። በእኛ ዘንድ መጠጥ ጠምቆ ያመጣ ሰው ለእንግዳ ከመቅዳቱ በፊት ራሱ በሰው ፊት ይጠጣል፤ ንጹሕ ነው፣ እኔም የምጠጣው ነው ለማለት። አባቴ ሙሉ ሱፉን ለብሶ ቆመ። ብርጭቆውን ሞላ። ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየና እስከ መጨረሻው ጠጣው። ፊቱ ላይ አንዲት መስመር አልተንቀሳቀሰችም።

«እግዜር ይመስገን፣ ዘንድሮ ተሳክቶልኛል» አለ።

ተቀዳ፤ ሰው ሁሉ ተጎነጨ። አንዲት አሮጊት በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ጋሽ ዮፍታሄ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ዋጠውና «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለ። ከጥግ በኩል አንድ ሰው ብርጭቆውን አሽትቶ ለጎኑ ሰው አቀበለው። አባቴ ፈገግ እንዳለ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ያያል። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እሱ ብቻ ከፊታቸው ላይ ለማንበብ ይሞክራል።

በመጨረሻ እኔን አየኝ። ብርጭቆውን እንደያዘ በሰው መሐል አልፎ መጣና አጠገቤ በርከክ አለ።

«ትንሤ» አለኝ በሹክሹክታ፤ «ምን ምን ይላል?»

ያኔ ገባኝ። ጨዋታ አልነበረም። ሐሙስ ዕለትም ጨዋታ አልነበረም። አባቴ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለማያውቅ ነበር የጠየቀኝ።

«ጋዝ ጋዝ ይላል፣ አባዬ።»

«እሺ» አለ። ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። ብርጭቆዎቹን ከእንግዶቹ እጅ አንድ በአንድ ራሱ ሰበሰበ። «ይቅር በሉኝ፤ ዕቃው ነክቶት ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» እያለ። አሮጊቷ «የሰው ልጅ ነህ፣ ምን ታደርግ» አሉት።

ታክሲ ውስጥ እኔ በመሐላቸው ተቀምጬ ነበር። ኪሊማኒ መታጠፊያ ስንደርስ እናቴ በእኔ አናት ላይ አባቴን ጠየቀችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአደጋው።»

«ዓመት ሙሉ ወጤን ስታመሰግን የነበረው?»

«ድሮ የበላሁትን እያስታወስኩ ነበር።»

እናቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ሉሊትስ?» አለች።

«አፍንጫዬ ነበረች። መኪናውን ተቀማሁ፤ ጋሽ ሥዩም የሚያሰኘኝ የቀረኝ ይቺው መጠጥ ናት። መጠጧም ሄደች ከተባለ ምን እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ሰው እንዳይሰማ ለምኛት ነበር።»

«እኔ ሰው ነኝ?» አለች እናቴ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቤት አለቀሰች። «ቆልፈው» ያልኩትን ቃል አላነሣችብኝም። እስከ ዛሬም አላነሣችውም።

በማግስቱ ፓርክላንድስ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። ሉሊት ሻይ አፍልታ ተቀበለቻት፤ ሸኘቻት፤ ተመልሳ ግን አልመጣችም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ አባቴ በየዓመቱ ከሚጠምቀው የመጀመሪያውን ጠርሙስ ይልክላታል። ጠርሙሱ በሳምንቱ በግራዋ ታጥቦ ባዶውን ይመለሳል። ጥሩ ነው አትል፣ መጥፎ ነው አትል። ሃያ አንድ ጠርሙስ ሄዶ ሃያ አንድ ጠርሙስ እንዲሁ ተመለሰ።

አሁን የምጠምቀው እኔ ነኝ። አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያዛል። አሁንም ይጠይቀኛል፣ አሁንም አንድ ጊዜ አይበቃውም፤ «ሌላስ? እርግጠኛ ነሽ? እስቲ ድገሚው» ይለኛል። ሦስት ጊዜ ሳልቀምስ አያምነኝም። ይገባኛል፤ ግን ያመኛል።

ዘንድሮ ጠርሙሱን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ሉሊት ፓርክላንድስ ላይ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ምግብ ቤት አላት። መነጽር አድርጋለች፤ ፀጉሯ ግማሹ ሸብቷል። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ፣ የምትለኝን ሳልጠብቅ ተናገርኩ።

«ለእማዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ቆልፈው ነበር ብያታለሁ። አልቆለፋችሁም።»

«አውቃለሁ» አለች። «በር ጀርባ በቆምሽ ቁጥር የኮኮናት ቅባትሽ ካንቺ ቀድሞ ነበር የሚገባው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ስሚ፣ እንዲህ ነው ብትያት ኖሮ...»

«እንዲህ ነው የምለው የአባትሽን ነው። እሱ ያላወጣውን እኔ ምን ብዬ ላውጣው?» መነጽሯን አውልቃ በመጎናጸፊያዋ ጠረገች። «ቅር አላለኝም አልልሽም። እዚያ ቤት ደስ ብሎኝ ነበር የምኖረው።»

እሷ ጠርሙሱን ሳበችና ከፈተችው። ከእኛ አንዳችን ፊት ስትከፍት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በብርጭቆ ጥቂት ቀድታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደዚያ ጊዜው ብዙ ቆየች።

«ምን ምን ይላል?» አልኳት።

«ዱቄት ዱቄት ይላል። እርሾው ገና አልተኛም።» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ለአባትሽ ምን አልሽው?»

«ደርሷል አልኩት።»

«አልደረሰም። ደውዪና ንገሪው።»

እዚያው ፊቷ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ጠጁ አልደረሰም።»

«ጠዋት ሦስት ጊዜ ደርሷል አላልሽኝም? ማን አለ?»

«ሉሊት።»

አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁ።

«ሉሊት ካለች አልደረሰም» አለ አባቴ።

አንድ ጊዜ እንኳ አላስደገማትም። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ፣ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ቀናሁባት።